የሰሚው ዕዳ፤ ስለ ተተከለ የድምፅ ጥበብና ስለ አድማጭ ተሳትፎ

ቀድሞ በአገራችን አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ይጎሰምና ሕዝቡ በገበያ ይሰበሰብ ነበር። አዋጅ ነጋሪውም የመንግሥቱን ቃል ከማሰማቱ ጋር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ ያዝ ነበር። ይህ አነጋገር ከልማድ ብዛት የተነሣ ተራ ሆኖ ይታየን ይሆናል እንጂ ሲመረመር ትልቅ ነገር አለበት። ጨው ሊገዛ የመጣው ገበያተኛ ድምፁ ከጆሮው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ መልእክተኛ ሆነ። «እኔ አላፊ አግዳሚ ነኝ» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ መስማቱ ብቻውን ዕዳ አስከትሎበታልና።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ ከአሮጌ ትእዛዝ ተነሥተን ስለ አንድ አዲስ ጥበብ ያለንን ሐሳብ ለመግለጽ እንሻለን። ይኸውም ሠሪው ሸራና ቀለምን፣ መድረክና መጋረጃን ትቶ፣ ድምፅን በድምፅ ማጉያ፣ በሽቦ፣ በቧንቧ ወይም በሌላ መሣሪያ አማካይነት በአንድ ስፍራ የሚተክልበት ጥበብ ነው። ባለሙያዎቹ ኢንስታሌሽን ይሉታል፤ እኛ ለአነጋገር እንዲመች «የተተከለ ድምፅ» እንለዋለን። ዘፈን ተጀምሮ ያልቃል፤ የተተከለ ድምፅ ግን እንደ ሐውልት በስፍራው ይቆያል፤ ሰሚውም በፈለገው ሰዓት ገብቶ በፈለገው ሰዓት ይወጣል። ከነዚህም ሥራዎች አንዳንዶቹ ሰሚው ሲራመድ፣ ሲነካቸው ወይም ሲናገር እየተለወጡ ይሰማሉ። የዚህ ጥበብ ወዳጆች ከሁሉ አብልጠው የሚያመሰግኑት ይህንኑ ነው። አድማጩ ከእንግዲህ ወዲህ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ አይደለም፤ ተሳታፊ ሆኗል ይላሉ።

«ተሳታፊ» የሚለው ቃል በጎ ቃል ስለሆነ ማንም አይቃወመውም፤ ማንም ስለማይቃወመውም ማንም አይመረምረውም። የእኛ ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። ሰሚው ተሳተፈ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? እርሱ ድምፁን ሲለውጠው ነውን? ወይስ ድምፁ ከእርሱ አንድ ነገር ሲጠይቅ ነው?

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቃለን። አንደኛ፤ የምንጠቅሳቸውን የውጭ አገር ሥራዎች በተተከሉበት ስፍራ ቆመን አልሰማናቸውም፤ የምናውቃቸው ከተቀረጸውና ስለ እነርሱ ከተጻፈው ነው። ሁለተኛ፤ ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሚራመድ ሰሚና የሚጨምር ሰሚ

ካናዳዊቷ ጃኔት ካርዲፍ በ2001 አንድ ሥራ አቀረበች። እንግሊዛዊው ቶማስ ታሊስ በ16ኛው መቶ ዘመን ለ40 ድምፅ የደረሰው መንፈሳዊ መዝሙር አለ፤ ካርዲፍ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው አስቀርጻ 40 የድምፅ ማጉያዎች ላይ አከፋፈለችና ማጉያዎቹን በሞላላ ክብ አቆመቻቸው። በመካከል የቆመ ሰው መዝሙሩን በሙሉ ይሰማል፤ ወደ አንዱ ማጉያ የተጠጋ ግን የአንዱን ዘማሪ ትንፋሽ ይለያል። ስለዚህ መዝሙሩ እንደ ሰሚው አረማመድ ይለያያል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መዝሙር ሰምተው አይወጡም። ይህ ውብ ሐሳብ መሆኑን አንክድም። በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ከመሪ ጌቶቹ አጠገብ የቆመና ከበሩ ውጭ የቆመ ሰው አንዱን ማሕሌት በሁለት መልክ እንደሚሰሙት እኛም እናውቃለንና።

ነገር ግን ዘማሪዎቹ ሰሚውን አይሰሙትም። ሰሚው ቢያስል የሚዞር ዘማሪ የለም፤ ሰሚው ቢያለቅስ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የለም። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ቢከፈት መዝሙሩ ሳይጎድል ይዘመራል። እግሩ መንገድ መርጧል፤ ነገር ግን ሰሚው ቢቀር አልተፈለገም። ይህን «የሚራመድ ሰሚ» ብለን እንጠራዋለን።

ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ የሚለው «የሚጨምር ሰሚ» ነው። አሜሪካዊው ማክስ ኒውሃውስ በ1966 በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የራዲዮ ጣቢያ ባቀረበው ሥራ አድማጮች በስልክ እየደወሉ ያሻቸውን ድምፅ እንዲያሰሙ ጋበዘ፤ እርሱም የመጣውን ሁሉ እያቀላቀለ በራዲዮው መልሶ አሰማቸው። እዚህ ላይ ሰሚ ባይኖር ሥራው ራሱ አይኖርም ነበርና ከካርዲፍ ሥራ ይልቅ ሰሚው ተፈልጓል። ይሁን እንጂ ደዋዩ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ያፏጨውም የጮኸውም ስልኩን ሲዘጋ ነገሩ ያበቃል። ስለ ሰጠው ድምፅ የሚጠይቀው የለም።

ይህን ከአገራችን ከአዝማሪ ቤት ጋር ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጣል። ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ግጥሙን ተቀብሎ ከማሲንቆው ጋር አዋሕዶ መልሶ ያወጣዋል። በአዲስ አበባ ካዛንችስ እስከ 2024 ድረስ በነበረው በፈንድቃ ቤት የተገኘ የከተማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ለገጠሩ ሰው ግን ቤት ሳያስፈልግ ሰርግና ድግስ ይበቃዋል። ግጥም ሰጪው ፊቱ ይታያል፤ ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ ወርቁ የሚያርፍበት ሰው ምናልባት እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ሰጪው ለሰጠው ቃል ኃላፊ ነው። ያመሰገነው ያከብረዋል፤ የነካው ይጣላዋል፤ ወይም በሌላ ግጥም ይመልስለታል። ከኒው ዮርክ ስልክ የሚበልጠው በዚህ ነው። ሁለቱም ሰሚው እንዲጨምር ይፈቅዳሉ፤ አዝማሪ ቤት ግን የጨመረውን ሰው ስም ይይዛል።

የተጠራ ሰሚ

ሦስተኛውን ዓይነት ለማሳየት አንባቢን ወደ ኦጎልቾ እንወስዳለን። ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ስትሆን፤ ከአሰላ ደጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በሚወርደው አገር ላይ ትገኛለች። ከአካባቢው ውጭ ስሟን የሚያውቀው የእርሻ ሰው ነው፤ የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል በ2012 የወጣውን አንድ የዳቦ ስንዴ ዝርያ በስሟ ጠርቶታልና። በኪነ ጥበብ መጻሕፍት ግን ስሟ አይገኝም። የሆነ ሆኖ ስለ ድምፅና ስለ ሰሚ ለሚመራመር ሰው ከአርሲ ሴቶች የሚማረው ነገር ከብዙ አዳራሽ የሚያገኘው አይደለም።

በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የምትባል ቀጭንና ቀጥ ያለች በትር ትሰጣታለች። በትሯ ለመምቻ አይደለችም፤ ያገባች ሴት የክብሯና የመብቷ ምልክት ናት። በተለይም ወልዳ በግንባሯ ላይ ቀነፋ ያሰረችውን አራስ መምታትና መስደብ ታላቅ ነውር ነው። ይህ ክብር ሲደፈር የተበደለችው ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቤቷ ትወጣና ትጮኻለች። ጩኸቱን የሰማች ያገባች ሴት ሁሉ የያዘችውን ሥራ ጥላ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች፤ እርሷም በተራዋ ትጮኻለች፤ የእርሷን ጩኸት ደግሞ ከማዶ ያለችው ትሰማለች። ማርታ ኩዌ ኩምሳ በ1997 ስለዚህ ሥርዓት ባሳተመችው ጥናት እንደምንረዳው ጩኸቱ ራሱ በጥያቄ መልክ የተሠራ ነው። የእናት ልጆችን እየጠራ መስማት አለመስማታቸውን ይጠይቃል፤ የሰሙትም መስማታቸውን በድምፅ ይመልሳሉ።

ከተሰበሰቡም በኋላ አንዷ እያወጣች ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘምራሉ። ወደ በዳዩ ቤት ይሄዳሉ፤ ሽማግሌዎች ገብተው ነገሩ እስኪያልቅ፣ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠይቆ እንደ ሥርዓቱ ካሣውን እስኪያቀርብና ከብት እስኪያርድ ድረስ ወደየቤታቸው አይመለሱም። እነርሱ በሌሉበት በየቤቱ እሳቱ ይጠፋል፤ ላሚቱም አላቢ ትሻለች። የበደለው አንድ ባል ሲሆን የመንደሩ ባል ሁሉ የዜማው ተካፋይ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ራት አጥቶ።

እንግዲህ ይህን እንደ ድምፅ ሥራ ብቻ ብንመለከተው ሦስት ነገር እናስተውላለን። በመጀመሪያ ድምፁ በማጉያ ሳይሆን በሰሚዎቹ ይተላለፋል፤ የሰማችው ላልሰማችው ታሰማለች። ሁለተኛ፤ ከተቀባዮቹ አንዷ ብትጎድል መጉደሏ ይታወቃል፤ ነገ እርሷም ስትበደል ጩኸቷን የሚሰማ ያስፈልጋታልና። ሦስተኛ፤ የዜማው ርዝመት በዘማሪዎቹ ድካም ወይም በደራሲው ፈቃድ አይወሰንም፤ ዳኝነቱ እስኪገኝ ድረስ ይቀጥላል። ዜማው የሚያልቀው በዓለም ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። እንዲህ ያለችውን ሰሚ «የተጠራች ሰሚ» እንላታለን።

ከእኛ መካከል በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆነን ያደግን ይህን ዜማ የሰማነው በመስኮት ነው። ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ ሲያልፉ መስኮቱን እንድንዘጋ ይታዘዝ ነበር፤ እኛ ግን ጥቂት ገርበብ አድርገን እንሰማ ነበር። ዜማው ደስ አሰኘን፤ ማታም በመኝታ ቤት እያስመሰልን ዘመርነው። ለማን እንደሚዘመር ግን ከእኛ አንድም የጠየቀ አልነበረም። ሴቶቹ የወጡት ለእኛው ለተማሪዎቹ እንጀራ ትጋግር ስለነበረችው ሴት መሆኑን የሰማነው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። በዚያ ሳምንት ሌላ ሰው ጋግሮ ነበር፤ እኛም እንጀራው ኮመጠጠ ብለን አጉረመረምን እንጂ ወዴት ሄደች አላልንም። ዛሬ መለስ ብለን ስናስበው የመጀመሪያው የድምፅ ትዕይንት አዳራሻችን ያ መስኮት ነበር። እንደ ልባችን ሰማን፤ ወደድን፤ ምንም አልተጠየቅንም።

መስኮቱ በጥበቡ ታሪክ ውስጥ

ይህ መስኮት በእኛ ትምህርት ቤት ብቻ የነበረ አይደለም፤ በመሣሪያ በተቀረጸ የድምፅ ጥበብ ታሪክ መጀመሪያ ላይም ተከፍቶ እናገኘዋለን። ነገሩም ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም።

ሐሊም ኤልዳብ በ1921 በካይሮ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1944 የሽቦ መቅረጫ መሣሪያ ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ ተውሶ የካይሮ ሴቶች የዛር ሥርዓት ሲያደርጉ ቀረጸ። ከዚያም በስቱዲዮ ውስጥ የቀረጸውን ድምፅ ለወጠው፤ ጎልቶ የሚሰማውን ዋና ድምፅ እያስወገደ፣ ማሚቶውን እያጠነከረ፣ ውስጡ ያለውን ረቂቅ ድምፅ ብቻ አስቀረ። ይህም «የዛር መግለጫ» ተብሎ በካይሮ በትዕይንት ለሕዝብ ተሰማ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተቀረጸ ድምፅ የሠራቸውን ዝነኛ ሥራዎች በፓሪስ ያሰማው በ1948 ስለሆነ የኤልዳብ ሥራ በ4 ዓመት ይቀድማል። የአፍሪካ ልጅ በዚህ ጥበብ ከቀደሙት አንዱ መሆኑን ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ደስ የሚያሰኝ ነው። ከዚህም በላይ ኤልዳብ ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርቷል።

ደስታችን ግን ሒሳችንን ሊከለክለን አይገባም። ዛር በግብፅም፣ በሱዳንም፣ በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 በጎንደር ተቀምጦ ብዙ ጽፎበታል። በዛር ቤት ከበሮና ጭብጨባ ለጌጥ አይደሉም። በመካከል የታመመች ሴት አለች፤ የሚያጨበጭቡት ሴቶች የሚያጨበጭቡት ስለ እርሷ ነው፤ ዛሩ እስኪናገርና የሚፈልገውን እስኪያስታውቅ ድረስ እጃቸው ቢደክምም አይተዉም። ኤልዳብ ከዚህ ሁሉ ረቂቁን ድምፅ ወሰደ። ዛሬ የምንሰማው ቁራጭ የ2 ደቂቃ ያህል ርዝመት አለው። ከሩቅ የሚመጣ፣ የሚንሳፈፍ፣ ከሰው ጉሮሮ የወጣ መሆኑን እስክንጠራጠር ድረስ የጠራ ድምፅ ነው። እጅግ ያምራል። ነገር ግን የታመመችው ሴት በውስጡ የለችም። ድና እንደ ሆነ አንጠይቅም፤ እጃችንንም የሚፈልግ የለም።

ይህን ስንል ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም። የሽቦ መቅረጫ ከዚህ የተለየ ሊያደርግ አይችልም ነበር። ደግሞም ሥራውን «የዛር መግለጫ» አለው እንጂ «ዛር» አላለውም፤ ሰሚውንም ተሳታፊ ነህ ብሎ አላታለለም። በመስኮት መቆሙን ያውቅ ነበር። እኛ የምንቃወመው ከእርሱ በኋላ የመጡትን አንዳንዶች ነው፤ እነርሱ በመስኮቱ ላይ አንድ ቁልፍ ገጥመው፣ ሰሚው ቁልፉን ሲጫን ድምፁ ከፍና ዝቅ ስላለ፣ ወደ ቤቱ ገብቷል ይላሉና።

ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። ክራርና ማሲንቆን፣ ዋሽንትና እምቢልታን፣ በገናንም ከየአገሩ ሰብስቦ በአንድ መድረክ ማቆሙ ታላቅ ሥራ ነው፤ አዝማሪ ሲናቅ በኖረበት አገር መሣሪያውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማግባቱ ብቻውን ሊመሰገን ይገባዋል። ግን መድረክ ከወንበር ሲለይ «ተቀበል!» የሚለው እንግዳ ስፍራ ያጣል። ክብሩ የተገኘው በዚህ ዋጋ ነው። ዋጋው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው እኛ ተገቢ ነበር ባዮች ነን፤ ዋጋ መከፈሉ ግን ሊረሳ አይገባም።

ሊቃወሙን ለሚችሉ

እስካሁን የተናገርነውን የሚቃወም ሰው ሁለት ነገር ሊለን ይችላል።

አንደኛው፤ «የሲንቄ ጩኸት ሕግና ጸሎት ነው፤ ዛርም ሕክምና ነው፤ እነዚህን ከኪነ ጥበብ ጋር ማወዳደር በሬን ከፈረስ ጋር መጥመድ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኛም የሲንቄን ጩኸት ኪነ ጥበብ አላልነውም፤ ሴቶቹም አይሉትም። ሚዛን አድርገን ነው የወሰድነው። የሚዛን ድንጋይ ራሱ ጤፍ አይደለም፤ ጤፉን ግን ይመዝናል።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። «ሰሚውን ግዴታ ውስጥ ማስገባት በጎ ነገር ነውን? አዋጅም ግዴታ ነበር፤ ብዙውም አዋጅ ለግብርና ለዘመቻ ነበር። ሰው ዝም ብሎ የሚሰማበት፣ ማንም የማይጠራው ስፍራ አያስፈልገውምን?» ሊባል ይችላል። በዚህ ላይ በእውነት እንሸነፋለን። ማክስ ኒውሃውስ በኒው ዮርክ በታይምስ አደባባይ በመንገድ መካከል ባለ የብረት መከለያ ሥር የተከለው ድምፅ አለ፤ ከ1977 እስከ 1992 ሲሰማ ቆይቶ በ2002 እንደገና ተከፍቷል። ምልክት የለውም፤ ጽሑፍም የለውም። አላፊው በጫጫታው መካከል ልክ እንደ ደወል ማሚቶ ያለ ነገር ሰምቶ ሊቆም ይችላል፤ ሳይሰማም ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሥራ ተሳተፍ ብሎ አይጣራም፤ ስለዚህ የሰጠውን ነፃነት ያህል ሐቀኛ ነው። ወደ ትዕይንት አዳራሽ የሚገባ ሰው ሁሉ ጊደር እንዲያርድ አንጠይቅም። የምንጠይቀው «ተሳትፎ» የሚለውን ቃል የሚጠቀም ሠሪ የቃሉን ዋጋ እንዲያውቅ ነው።

ከተቀረጸ ዘፈን በፊት የጠፋው ነገር

ነገሩን በአርሲ እርሻ ምሳሌ እንደምድም። አጨዳ በደቦ በሚደረግበት ጊዜ አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር ይሄዳል። ዝም ያለ ሰው በእጁ ይታወቃል፤ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይቀራልና። እንዲሁም በአውድማ ላይ በሬዎቹን የሚነዳው ሰው ዜማውን ሲያቋርጥ በሬዎቹም ያዘግማሉ። እንግዲህ በሬ እንኳ የድምፁ ተሳታፊ ነበር ማለት ነው። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከመጣ ወዲህ የተሻለ ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ መኪና በአርሲ ተስፋፋ። ዛሬ በስንዴው አገር ኮምባይነር ገብቶ የብዙ ሰው የቀናት ሥራ የነበረውን በጥቂት ሰዓት ጨርሶ ይሄዳል።

የገበሬው ወገብ ያረፈበትን ነገር የምናማርር አይደለንም። ወላጆቻችን ያጨዱትን እኛ አላጨድነውምና ስለ አጨዳ ዘፈን ማልቀስ ለእኛ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ስሕተት እናያለን። ዘፈኑ ሊጠፋ ነው የሚሉ ሰዎች ዘፈኑን ቀርጸው በቤተ መዘክር ማስቀመጥ፣ ጎብኚውም ቁልፍ ተጭኖ እንዲሰማው ማድረግ በቂ መድኃኒት ይመስላቸዋል። መቅረጹ መልካም ነው፤ እኛም ብንችል እንቀርጻለን። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የጠፋው ዜማው አይደለም፤ የተቀባዩ አስፈላጊነት ነው። ሰው ይቀበል የነበረው ስንዴው ስለሚጠብቀው ነበር። ኮምባይነር ተቀባይ አያስፈልገውም፤ ቁልፉም አያስፈልገውም። ጎብኚው ቢጫነው ዘፈኑ ይሰማል፤ ባይጫነው ደግሞ የሚረግፍ ስንዴ የለም።

ስለዚህ ከእኛ መካከል አንዱ ነገ በአሰላ ወይም በአዲስ አበባ ድምፅ ሊተክል ቢያስብ ሦስት ነገር እንዲያስታውስ እንለምነዋለን። በመጀመሪያ፤ የሲንቄን ጩኸት ቀርጾ ለትዕይንት አያቅርብ። ጩኸቱ ሰሚ ይፈልጋል፤ በአዳራሽ በየሰዓቱ እየጮኸ የሚወጣለት ሰው ካላገኘ ጆሮ ጩኸትን ሰምቶ መቀመጥን ይለምዳል፤ ይህም ለሴቶቹ ጉዳት ነው። ሁለተኛ፤ የማንንም ድምፅ ቢወስድ የድምፁ ባለቤት በሥራው ፊት ቆሞ «ይህ አይደለም ያልኩት» ለማለት የሚችልበትን ስፍራ ይተውለት፤ አዝማሪ ቤት ለነካው ሰው መልስ እንደሚፈቅድ። ሦስተኛ፤ ሥራውን ተሳትፎ ብሎ ከጠራው ሰው በሌለ ጊዜ ዝም የሚል ያድርገው፤ አንድ ሰው ብቻ ሲመጣም ያልሞላ ይሁን። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላልና፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እስኪተባበሩ ድረስ የማይሰማ ድምፅ ቢተከል፣ ለዚያች ለጥቂት ጊዜ እንኳ አንዱ ለሌላው አስፈላጊ ይሆናል። በኦጎልቾ ገበያ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ቢቆም መጀመሪያ የሚሰበሰቡት ሕፃናት ናቸው፤ ቀጥሎም እህል ሻጮቹ ይስቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማየት ግን እኛ ራሳችን እንጓጓለን።

ይህን የጻፍነው ሁሉን አውቀን አይደለም። ስለ አርሲ ሥርዓት ከእኛ ይልቅ የአርሲ እናቶች ያውቃሉ፤ ስለ መሣሪያውም ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ የተሳሳትነውን መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙልን እንለምናለን። እኛን ያነሣሣን ግን ያ ገርበብ ያለው መስኮት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኛም ምንም ሳንላት እንጀራዋን በላን። ሴቶቹ «ሰማችሁ ወይ» ብለው ሲጠይቁ መስማታችን እርግጥ ነበር። መልሱ ግን ገና ከእኛ ይጠበቃል።